ገንዘቡ ከጅዳ፣ ቤቱ በደሴ

በባዕድ አገር እየሠራ የሚኖር ሰው በአገሩ ያለውን የወላጆቹን ቤት ለማሳደስ ገንዘብ ሲልክና ሥራው በተባለበት ጊዜ ሳያልቅ ሲቀር፣ በዘመድ መካከል የሚሰጠው ፍርድ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። «ተቋራጩ ሌባ ነው» ይባልና ነገሩ በዚሁ ይዘጋል። ይህ ፍርድ አንዳንድ ጊዜ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የመዘግየቱን ምክንያት አይገልጽም፤ ምክንያቱ ካልታወቀ ደግሞ መድኃኒቱ አይገኝም። እኛም በ2016 ዓ.ም. በገዛ ዘመዶቻችን ላይ የደረሰውን እስክናይ ድረስ ከዚህ ፍርድ አልራቅንም ነበር። ዛሬ ግን የነገሩ ሥር ከተቋራጩ ጠባይ ይልቅ በሌላ ስፍራ እንደሚገኝ እናምናለን። ይኸውም ሥራውን የሚያየው ሰው ለማዘዝ አለመቻሉ፣ ለማዘዝ የሚችለው ደግሞ ሥራውን አለማየቱ ነው።

የአክስታችን ልጅ ጅዳ ውስጥ በሰው ቤት ተቀጥራ በወር 1,000 ሪያል ታገኛለች። እናቷ የሚኖሩበት ቤት ደሴ ከጦሳ ተራራ ግርጌ የሚገኝ የጭቃ ቤት ነው። ቆርቆሮው ዝጎ፣ ወራጁንና ማገሩን ምስጥ በልቶት ስለ ነበር፣ ልጅቱ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ከአንድ ተቋራጭ ጋር በስልክ ተስማማች። ሥራው ጣሪያውን አፍርሶ በአዲስ እንጨትና በአዲስ ቆርቆሮ መክደን፣ ግድግዳውን መለሰንና አሸንዳ መግጠም ሲሆን፣ ዋጋው ከነዕቃው 400,000 ብር ነበር። ተቋራጩም «ዕቃው ሳይወደድ ልግዛው» ስላላት 320,000 ብር በአንድ ጊዜ በባንክ ላከች። በዚያን ጊዜ አንድ ሪያል በባንክ 15 ብር ያህል ይመነዘር ስለ ነበር፣ ይህ ገንዘብ ከ21 ወር ደመወዟ ጋር የሚተካከል ነው። ውሉ አልተጻፈም፤ ምስክርም አልቆመበትም። የማለቂያው ጊዜ «ከፋሲካ በፊት» ተባለ።

በየካቲት ወር አናጢዎቹ መጡ። የአሮጌውን ጣሪያ እኩሌታ በሁለት ቀን አወረዱት፤ አጠናና ሙራሌ በግቢው ተከመረ፤ አክስታችንም ለሠራተኞቹ ቡና እያፈሉ መረቋቸው። ከዚያ በኋላ ግን ሠራተኞቹ ከአምስት ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አንድ እየቀነሱ ሄዱ። በመጋቢት መጨረሻ የሚመጣ ሰው ጠፋ። ክዳን ያጣው የቤቱ ክፍል በላስቲክ ተሸፈነ። አክስታችን ስልክ ደውለው በጠየቁ ቁጥር የሚያገኙት መልስ «እትዬ፣ አይዞዎት፤ ከበዓል በኋላ ይከደናል» የሚል ነበር።

እዚህ ላይ ወሎን የሚያውቅ አንባቢ ፈገግ ሳይል አይቀርም። በደሴ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም በዓል የጎረቤቱ ሁሉ በዓል ነው። በ2016 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2 ቀን ገቡ። ኢድ አልፈጥር ሚያዝያ 2 ቀን፣ ፋሲካ ሚያዝያ 27 ቀን፣ ዐረፋ ሰኔ 9 ቀን ዋሉ። በየወሩ የሚከበሩት የሚካኤል፣ የማርያምና የሌሎቹም ቀናት ሲጨመሩበት «ከበዓል በኋላ» የሚለው ቃል መጨረሻ የሌለው ቀጠሮ ሆነ። በዓል ማክበር የሚያስወቅስ ነገር አይደለም። ነገር ግን በዓል በድንገት የሚመጣ እንግዳ አይደለም፤ ውሉ በጥር ወር ሲደረግ እነዚህ ቀናት ሁሉ ይታወቁ ነበር። ስለዚህ በዓሉ የመዘግየቱ ሰበብ እንጂ ምክንያቱ አልነበረም።

የአየሩም ጠባይ እንዲሁ የታወቀ ነው። በወሎ ደጋ ዝናቡ ሁለት ጊዜ ይመጣል። በልጉ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ፣ ክረምቱ ደግሞ ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም ይዘንባል። ጣሪያ ለመግለጥ የሚመቸው ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ነው። በጥር ተዋውሎ በየካቲት ጣሪያ ማፍረስ ማለት ቤቱን በበልግ ደጃፍ ላይ ራቁቱን ማቆም ነው። ከጅዳ ሙቀት ውስጥ ሆኖ የደሴን ደመና ማሰብ ያስቸግራል። ደሴ ያለነው ግን ይህን ልናስታውሳት በተገባ ነበር።

በሐምሌ መጀመሪያ ልጅቱ አንድ ማታ ደወለች። እናትየው እንደ ወትሮው «ሁሉ ደህና ነው» አሏት። «እማዬ፣ ያ የሚንጠባጠበው ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች። «ምንም አይደለም ልጄ፤ ባልዲ ነው» አሏት። አክስታችን በዚያ ሰሞን አልጋቸውን ወደ ማድቤት አዛውረው ያድሩ ነበር። ልጅቱ ለወራት ያልነገርናትን ነገር የነገራት ያ ባልዲ ነው።

«ያልነገርናት» ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ ዓመት ትምህርታችንን ጨርሰን ሥራ እስክናገኝ ደሴ ተቀምጠን ነበር። ልጅቱም በየካቲት ወር «አንተ እኮ እዚያው ነህ፤ እየሄድክ እይልኝ» ብላ አደራ ሰጥታን ነበር። ሦስት ጊዜ ሄደን አየን። ሠራተኛ አለመኖሩንም፣ የተቆለለው ቆርቆሮ ስስ መሆኑንም አየን። ስምምነቱ ባለ 28 ጌጅ ሆኖ ሳለ የመጣው ባለ 35 ጌጅ ነበር፤ እንደሚታወቀው የጌጁ ቁጥር ከፍ ባለ መጠን ቆርቆሮው እየሳሳ ይሄዳል። ተቋራጩ ግን የአባታችን ወዳጅ ነበረና በጠየቅነው ጊዜ ትከሻችንን መታ መታ አድርጎ «እናንተ የተማራችሁ ልጆች ትቸኩላላችሁ» አለን። አፈርን። «ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» እንዳንባልም ፈራን። ወደ ጅዳ የላክነው ቃል «እየተሠራ ነው» የሚል ነበር። ፍጹም ሐሰት አልነበረም፤ ከሐሰት ግን አይሻልም ነበር። ተቋራጩም በበኩሉ ፎቶግራፍ ይልክላት ነበር። በኋላ አንድ ላይ ስናያቸው፣ ሦስቱ ፎቶግራፎች አንዱን የእንጨት ክምር ከሦስት ወገን የሚያሳዩ ሆነው አገኘናቸው።

እንግዲህ ሰውዬው ሌባ ነበርን? ነገሩ ከታወቀ በኋላ በሽማግሌዎች ፊት ተቀምጦ ሲናገር እንደ ሰማነው፣ በዚያ በጋ አራት ቤት በአንድ ጊዜ ይዞ ነበር። የራሱ የሆነ መንቀሳቀሻ ገንዘብ የለውም። ስለዚህ ከሁለተኛው ቤት በተቀበለው ገንዘብ የመጀመሪያውን ቤት ይጨርሳል፤ ከሦስተኛው በተቀበለው ደግሞ ሁለተኛውን ይገፋል። የአክስታችን ጣሪያ ገንዘብ የሌላ ሰው ቤት ላይ ቆርቆሮ ሆኖ ተመትቶ ነበር። አናጢዎቹም ቢሆኑ ባለቤቱ በማለዳ በር ላይ ቆሞ ወደሚጠብቃቸውና ወደሚቆጣቸው ቤት ይላካሉ። ባለቤቱ በሌለበት ቤት የሚቆጣ የለም፤ ገንዘቡም አስቀድሞ ተከፍሏል። ታዲያ አራት ሥራ ይዞ አምስት አናጢ ብቻ ያለው ሰው የትኛውን ቤት ወደ ኋላ ይተዋል? ክፉ ሰው መሆን ሳያስፈልገው የጅዳዋን ልጅ ቤት ይተዋል። ቀሪው 80,000 ብርም ቢሆን ሊያስቸኩለው አልቻለም፤ ምክንያቱም የቀረው ሥራ ከቀረው ገንዘብ የሚበልጥ ነበርና፣ ሥራውን መጨረስ ለእርሱ ኪሳራ ሆኖበት ነበር።

በዚህ መካከል ሌላ ነገር ደረሰ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን አደረገ። ከዚያ በፊት 57 ብር ያህል የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ120 ብር በላይ ሆነ። የሪያል ዋጋ ከዶላር ጋር የተሳሰረ ስለ ሆነ እርሱም ከ15 ብር ተነሥቶ ከ30 ብር በላይ ወጣ። ተቋራጩ ወዲያውኑ «ዕቃ ተወደደ፤ ተጨማሪ ካልተላከ አልችልም» አለ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት በኢኮኖሚክስ ክፍል ከተማርነው ይልቅ የጠለቀ ነው። ልጅቱ ገንዘቧን በሪያል ይዛ ሥራው በደረሰበት መጠን ብትልክ ኖሮ፣ የዋጋው መናር ቢነካትም እንኳ የምንዛሪው ለውጥ ይደግፋት ነበር። አስቀድማ ወደ ብር ለውጣ በሰው እጅ ያስቀመጠችው ገንዘብ ግን ዕቃ ሳይገዛበት ኀይሉን አጣ። «ሳይወደድ ልግዛው» ያለው ሰው ስላልገዛበት፣ የተወደደው በእርሷ ላይ ሆነ።

ወደ ሕጉ እንለፍ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ለእንዲህ ያለው ነገር በቂ መሣሪያ አለው። በቁጥር 1794 እንደ ተጻፈው፣ በውሉ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ለሥራው የሚያስፈልገው ጥሬ ዕቃ ዋጋ መውጣት ወይም መውረድ ከዐቅም በላይ የሆነ ኀይል ተብሎ አይቈጠርም። በቁጥር 1772 መሠረት ደግሞ ባለገንዘቡ «ውሉ አልተፈጸመልኝም» ብሎ ለመከራከር፣ በመሠረቱ አስቀድሞ ለባለዕዳው ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ተዋዋዮች ለመዘግየት መቀጫ ሊወስኑ ይችላሉ፤ ለመዘግየት የተወሰነ መቀጫ ሲሆን መቀጫውንም የሥራውንም መፈጸም አንድ ላይ መጠየቅ ይቻላል። የቤት ሥራ ተቋራጭም በቁጥር 3039 መሠረት ሥራው በደንብ ስለ መሠራቱና ስለ ጽናቱ ካስረከበበት ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ኀላፊ ነው። በአክስታችን ቤት ላይ ግን ከእነዚህ አንዱም አልሠራም። የተጻፈ ውል ስላልነበረ የጌጁን ቁጥርም ሆነ የማለቂያውን ቀን ማስረዳት አልተቻለም። ማስጠንቀቂያም አልተሰጠም፤ በየጊዜው ይቀርብ የነበረው ልመና ብቻ ነው።

ይህን ጋዜጣ ከሚያነቡት ወጣቶች ብዙዎቹ በመንግሥት መሥሪያ ቤት እንደሚሠሩ እናውቃለን። በየመሥሪያ ቤታቸው አንድ መጋዘን ቢታደስ ምን እንደሚደረግ ያውቁታል። መንግሥት ለተቋራጭ የሚሰጠው ቅድሚያ ክፍያ ከ30 በመቶ አያልፍም፤ እርሱም በዋስትና ነው። የቀረው የሚከፈለው ሥራው እየተለካ ነው። ከክፍያውም ላይ ጥቂት ተቀንሶ የጉድለት ማረሚያው ጊዜ እስኪያልፍ ይያዛል። መጋዘኑ እንዲህ ይጠበቃል። ሃያ አንድ ወር በሰው ቤት ተለፍቶበት የተገኘ ገንዘብ ግን 80 በመቶው ያለ ዋስ፣ ያለ ፊርማ በስልክ ቃል ተሰጠ። በቢሮ የምናውቀውን ነገር ማታ ወደ እናቶቻችን ቤት ይዘነው ለመሄድ ለምን እንደምናፍር ራሳችንን ልንጠይቅ ይገባናል።

ከዚህ ሁሉ የተማርነውን ባጭሩ እንናገር። በመጀመሪያ ውሉ ይጻፍ። ረጅም መሆን የለበትም፤ አንድ ገጽ ይበቃል። የሚሠራው ሥራ፣ የእንጨቱ ዓይነት፣ የቆርቆሮው ጌጅ፣ ዋጋው፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቀን ይስፈርበት። ቀኑ በኢትዮጵያም በአውሮፓም አቈጣጠር ይጻፍ፤ «በአራተኛው ወር» ቢባል አንዱ ታኅሣሥን፣ ሌላው ሚያዝያን ሊያስብ ይችላልና። «ከበዓል በኋላ» የሚል ቃል ከቶ አይግባበት።

ሁለተኛ ክፍያው በሥራው ደረጃ ይከፈል። ለምሳሌ እንጨቱና ቆርቆሮው ግቢ ሲደርስ አንድ፣ ጣሪያው ሲከደን ሁለት፣ ልስኑ ሲያልቅ ሦስት፣ ከአንድ ዝናብ በኋላ ፍሳሽ አለመኖሩ ሲታይ አራት ተብሎ ይከፈል። አስቀድሞ የሚሰጠው ገንዘብም «ቀብድ» ይባል ወይስ «ቅድሚያ ክፍያ» ተለይቶ ይጻፍ፤ በሕጋችን ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ቢያፈርስ እጥፍ ይመልሳል፣ የሰጠው ቢያፈርስ ግን ቀብዱን ያጣል። ከሁሉም በላይ አዲሱ ዕቃ ግቢ ሳይገባ አሮጌው ጣሪያ አይነካ። ይህ አንድ ቃል ብቻ በውሉ ቢኖር ኖሮ አክስታችን ክረምቱን ማድቤት ባላደሩ ነበር።

ሦስተኛ፣ የሚያየው ሰው ሥልጣን ይሰጠው። በውሉ ላይ «ሥራውን የሚያይና የሚረከብ፣ እርሱም ካልፈረመ ክፍያ የማይከፈልበት እገሌ ነው» ተብሎ ስሙ ይጻፍ። ነገሩ ወደ ክርክር ቢሄድ ውጭ ያለው ሰው በሚኖርበት አገር ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ በኩል ውክልና ሊሰጥ ይችላል፤ ውክልናው ግን ለምን ለምን እንደ ተሰጠ በዝርዝር ይገለጽ። ዘመድ የሚያፍር ከሆነ በየደረጃው አንድ ቀን መጥቶ አይቶ የሚሄድ ሌላ አናጢ በክፍያ ይያዝ። የዚህ ሰው አበል ከሚያድነው ጋር ሲመዛዘን እጅግ ትንሽ ነው። ፎቶግራፍም ቢሆን ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ተነሥቶ፣ ከበሩ ፊት ለፊት ቤቱን ሙሉ በሙሉ የሚያሳይ ይሁን፤ ያን ጊዜ የሳምንቱ ሥራ ከባለፈው ሳምንት ጋር ይተያያል።

በዚህ ሁሉ ግን ፍርዳችን ሚዛኑን እንዳይስት ያስፈልጋል። ከዐቅም በላይ የሆነ መዘግየትም አለ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ሥራውን ጥሎ የሸሸውን አናጢ ማንም ሊከሰው አይገባም። እንዲህ ያለውን ከሰበብ የምንለየው ግን በየሳምንቱ የተጻፈ ነገር ሲኖር ነው። በጽሑፍ የተያዘ ሥራ ደጉንም ተቋራጭ ከሐሜት ያድነዋል። ደግሞም ተቋራጩ የሚገባውን ክፍያ በየደረጃው ሳይዘገይ ማግኘት አለበት፤ ክፍያውን የሚያዘገይ ባለቤት ስለ ሥራው መዘግየት ለመናገር አፍ የለውም።

የአክስታችን ቤት ነገር የተፈጸመው እንዲህ ነው። በነሐሴ ወር የ15 ቀን ጊዜ የሚሰጥ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ አዘጋጅተን ልጅቱ በስሟ ላከችው። ወረቀቱን ለተቋራጩ በእጁ የሰጠነው እኛ ነን፤ እጃችን ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰውዬው ወረቀቱን አንብቦ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ፤ ከዚያም ሽማግሌ ይግባ አለ። በሽማግሌዎቹ ፊት የገዛውን እንጨት ሁሉና 90,000 ብር መልሶ ሥራውን እንዲለቅ ስምምነት ሆነ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሌላ አናጢ በአንድ ገጽ ውልና በአራት ክፍያ ጣሪያውን ያዘ፤ በአምስት ሳምንትም ጨረሰው። ልጅቱ ግን ለጐደለው ገንዘብ አንድ ዓመት ወደ አገሯ መመለሷን አዘገየች። የጣሪያው መዘግየት በመጨረሻ የእርሷ መዘግየት ሆነ።

የአባታችን ወዳጅ እስከ ዛሬ ድረስ በመንገድ ሲያገኘን ሰላምታ ይሰጠናል። ያ ወረቀት በየካቲት ወር ቢሰጠው ኖሮ ወዳጅነቱ እንደማይፈርስ፣ ጣሪያውም እንደሚከደን አሁን አወቅን። «ቀድሞ ነበር መጥኖ መደቆስ» ይባል የለምን? ይሉኝታ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም፤ ሰው ከሰው ተከባብሮ የሚኖርበት ነው። ነገር ግን ይሉኝታችንን ለተቋራጩ ሰጥተን እውነቱን ከጅዳዋ ልጅ ስንነፍግ፣ ያከበርነው በፊታችን የቆመውን ሰው ብቻ ነው። በሩቅ ያለውም ሰው ይሉኝታ ይገባዋል። ስለዚህ ከውጭ አገር «አንተ እኮ እዚያው ነህ፤ እየሄድክ እይልኝ» የሚል አደራ የደረሰው ወጣት ሁሉ፣ ከመሄዱ በፊት «እሺ፤ ግን ያየሁትን ሁሉ እነግርሻለሁ» ብሎ እንዲመልስ እንመክራለን። ይህን ለማለት የማይደፍር ከሆነም አደራውን አይቀበል፤ ልጅቱ የሚነግራትን ሌላ ሰው ትፈልግ።